ልክ የሆነላት ቀሚስ

ይሄን ስጽፍ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ብዬ አልጀምርም። እጄ አይንቀጠቀጥም። አሥራ አምስት ዓመት መርፌ የያዘ እጅ ነው።

ግን የምነግራችሁ ነገር ሆኗል። ማክሰኞ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ። ፀሐይ ነበረች። መብራት አልጠፋም፣ ዝናብም አልዘነበም። ቦታው ከታች መድኃኒት ቤት ያለበት ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ እኔ እሠራበት የነበረው ልብስ ስፌት ቤት።

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው።

እዚህ ቻናል ላይ ስለ መቃብርና ስለ ባዶ ቤት ስትጽፉ አነባለሁ። አንዳንዱ ያስቀኛል፣ አትቀየሙኝ። እኔን ያስፈራኝ ነገር ግን ሽቶ ይቀባል። "የኔ ዓለም" እያለ ይጠራል። የልደት ቀናችሁን እንኳን ያስታውሳል።

እናንተም ሥራ ቦታ ይኖር ይሆናል... ምናልባትም ቤታችሁ።

አሠሪያችንን "እትዬ" ነበር የምንላት። የመጀመሪያ ቀን "እርስዎ" ስላት ከት ብላ ሳቀች።

"ኧረ አታስረጂኝ! እትዬ በይኝ፣ አንቺ በይኝ። እዚህ ቤት ሠራተኛ የለም፣ ቤተሰብ ነው ያለው" አለችኝ።

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። ደስ ብሎኝ ገባሁ።

እትዬ ሰው ትወዳለች። ማለቴ... ሲጀመር ትወዳለች። አዲስ ልጅ ስትመጣ ሽቶ ትገዛላታለች፣ ከአጠገቧ ታስቀምጣታለች፣ "እንደ አንቺ ያለ እጅ በሕይወቴ አላየሁም" ትላታለች። ከጥቂት ወራት በኋላ ያቺው ልጅ ጥግ ይዛ ታለቅሳለች። ምን እንዳጠፋች ግን አታውቅም። ደፍራ ከጠየቀች እትዬ ዓይኗን ታፈጥባታለች።

"እኔ? እኔ ምን አልኩሽ? የኔ ዓለም፣ አንቺ እኮ ትረሻለሽ።"

አንድ ቀን እናቴ ቀዶ ጥገና ልትገባ ሆነና ፈቃድ ልጠይቅ ሄድኩ። ገና "እማዬ ታማብኝ" ከማለቴ የእትዬ እንባ ዱብ ዱብ አለ። "እኔ እኮ እናት የለኝም! ለምን ታስታውሺኛለሽ?" ብላ ተንሰቀሰቀች። ውሃ አመጣሁላት፣ ጀርባዋን አሸሁላት፣ ይቅርታም ጠየቅኳት። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አባብያት ወጣሁ።

ተመልሼ የስፌት መኪናዬ ላይ ስቀመጥ ነው ፈቃዱን እንዳልሰጠችኝ ትዝ ያለኝ። እማዬ ቀዶ ጥገና ክፍል የገባች ዕለት እኔ የሰው ቀሚስ ላይ ዚፕ እየሰፋሁ ነበር። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በኋላ እማዬ የታከመችበት ሆስፒታል የምትሠራ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ አግኝቼ ጠባይዋን ነገርኳት። ስም አለው አለችኝ፤ ናርሲሲዝም። እኔ ራሱን በጣም የሚወድ ሰው ማለት መስሎኝ ነበር።

"አይደለም" አለችኝ። "አንዳንዱ ውስጡ ባዶ ነው። ባዶነቱን የሚሞላው ሌላው ሰው ሲያየው፣ ሲያደንቀው፣ ሲያለቅስለት ነው። ስታገኚው እንደ ልጁ ያቅፍሻል። ከዚያ ያንቺ የሆነውን ነገር ቀስ በቀስ ይወስዳል። አንቺም አታውቂም።"

"ምን ምን ይወስዳል?" አልኳት።

"ጊዜሽን፣ ጓደኞችሽን፣ በራስሽ ላይ ያለሽን እምነት..."

ከዚያ ያለፈውን እሷም አታውቀውም። እኔም አልነገርኳትም። ያንን ብነግራት አልጋ ትሰጠኝ ነበር።

ስፌት ቤቱ ውስጥ አንድ ልክ ያልሆነ ነገር ነበር። መስታወት አልነበረም።

ልብስ ስፌት ቤት ያለ መስታወት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ደንበኞች ሲጠይቁ እትዬ በሳቅ ታልፈዋለች። "እኔ እያለሁልሽ መስታወት ምን ያደርግልሻል?"

ለራሷስ?

ለራሷ ቀሚስ ሲሰፋ ከልጆቹ አንዷን ትጠራለች። "ነይ፣ ልበሺልኝ።" የተጠራችው ልጅ የእትዬን ቀሚስ ለብሳ መሐል ላይ ትቆማለች። እትዬ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ትቀመጣለች።

"ዙሪ... ቀስ በይ... እጅሽን አንሺ... ፈገግ በይ። እንደሱ አይደለም። እንደ እኔ።"

በየቀኑ፣ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ዓይኗን ሳትጨፍን ታያታለች። እኛ የሀብታም ቅብጠት እያልን በሆዳችን እንስቅ ነበር።

ታዲያ ይሄን ሁሉ እያየሽ ታናሽ እህትሽን ለምን አስገባሻት? ትሉኛላችሁ። ብትሰድቡኝም መብታችሁ ነው።

ሃያ ዓመቷ ነው። ቀን ሥራ የላትም፣ ማታ ማታ የሒሳብ አያያዝ ትማራለች። እኔ እዚያው እያለሁ ምን ትሆናለች ብዬ ነው። እማዬም በሩ ላይ ቆማ "አደራሽን፣ ከዓይንሽ እንዳትርቅ" አለችኝ። እኔም "ኧረ እማዬ፣ ልጅ ናት እንዴ!" ብዬ ሳቅኩባት።

ቤት ውስጥ "ሎጋ" ነው የምንላት፣ መለሎ ስለሆነች። የገባች ቀን ራሴ ለካኋት፤ አንድ ሜትር ከሰባ ሁለት። ግራኝም ናት። የግራኝ መቀስ ፍለጋ ከተማውን አዳርሼ ገዛሁላት።

እትዬ ገና ስታያት ፊቷ በራ።

"አንቺ... እንደነዚህ አይደለሽም" አለቻት፣ እኛ እየሰማን።

በመጀመሪያው ወር ሽቶውም ስልኩም መጣ። ምሳ ከእትዬ ጋር ሆነ። በሁለተኛው ወር ሎጋ እኔ አጠገብ መቀመጥ ተወች። ቀጥሎ "ለሥራው ይቀርበኛል" ብላ እትዬ ቤት ገባች። እሑድ እሑድ እማዬ ምሳ አቅርባ በር በሩን ታያለች፣ ሎጋ የለችም። የዘጠኝ ሰዓቷ ልጅ ደግሞ እሷ ብቻ ሆነች።

በሦስተኛው ወር አንድ ጠዋት ጨርቅ ስትቆርጥ አየኋትና ክው አልኩ።

በቀኝ እጇ ነው የምትቆርጠው። ቀጥ አድርጋ፣ አንዳች ሳትዛነፍ።

"ሎጋ... በቀኝሽ?" አልኳት ቀስ ብዬ።

"ምን አለበት? ሁሌም በቀኜ ነው።"

"ግራኝ ነሽ እኮ!"

ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች።

"የኔ ዓለም... አንቺ እኮ ትረሻለሽ።"

የእህቴ አፍ ነው። ቃሉ ግን የማን እንደሆነ አወቅኩት። ከዚያች ቀን ጀምሮ እህል አልበላ አለኝ።

እማማ ቁልፍ የምንላት ሴት አለች። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ቁልፍ ብቻ ነው የምትተክለው። ጎብጣ፣ ጠውልጋ፣ ከሰው አትገባም። ዕድሜዋ ከስልሳ ያልፋል ብለን ነው እማማ የምንላት። በዚያው ሳምንት ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ እጅጌዬን ጎተተችኝ።

"እህትሽን ውሰጃት።"

"ምን?"

"እሽሽ... አትዪኝ። ጨርቁን እያየሽ ስሚኝ። ቶሎ ውሰጃት።"

"ለምን እማማ?"

ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

"እዚህ የመጣሁ ጊዜ... በሩን ስገባ ጎንበስ እል ነበር።"

እግሯን አየሁ። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እግሯ ወለሉን አይነካም።

"እሱማ እርጅና ነው እማማ" አልኳት ልቀልድ ብዬ።

"አርባ አንድ ዓመቴ ነው" አለችኝ።

እንደገና እግሯን አየሁ።

"ስትወስጃት ደግሞ" አለች፣ ድምፅዋ ለመርፌዋ እንኳን አይሰማም፣ "እትዬ ብትሰድብሽ አትመልሺላት። ብታለቅስ አታባብያት። ብታሞግስሽ አታመስግኛት። ዓይኗን አትዪ። ሰው ሲያያት ነው የምትኖረው። ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።"

እውነቱን ልናገር፣ አላመንኳትም። እትዬ ጥላት ነው፣ ቅናት ነው አልኩ። ሰው የተጣለ ሰው ሲናገር አይሰማም፤ እኔም አልሰማሁም።

ማክሰኞ መጣ።

ሎጋ የማታ ትምህርቷን ጨርሳ ቅዳሜ ልትመረቅ ነው። እማዬ ውሃ ሰማያዊ ጨርቅ መርጣ ላከችልኝ። ቀሚሱን እኔ ሰፍቼ፣ በሱ አባብዬ ቤት ልወስዳት ነው ሐሳቤ። እትዬ እንዳታይ በምሳ ሰዓት ጨርቁን ዘረጋሁ።

እኛ ቤት የየደንበኛው ልክ በካርቶን ተቆርጦ ግድግዳ ላይ በሚስማር ይሰቀላል። ፓተርን እንለዋለን። ስም አይጻፍበትም፣ አንዷ የሌላዋን ዳሌ እንዳታውቅ አንገቱ ጋ ቁጥር ብቻ ነው። የሎጋ የመጨረሻው ሚስማር ላይ ነው። ከዚያ አወረድኩ፣ በሳሙና አሰመርኩ፣ ቆረጥኩ፣ እንደ እብድ ሰፋሁ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ እጅጌውን ገጥሜ ጨረስኩ።

ካርቶኑን መልሼ ልሰቅል ስል ቁጥሩን አየሁ።

አንድ።

የእትዬ ነው።

ለካ ሰኞ ዕለት የእሷን ቀሚስ ቆርጬ ካርቶኑን በጥድፊያ የሎጋ ላይ ደርቤ የሰቀልኩት እኔው ነኝ። በየሳምንቱ ስለምቆርጠው እጄ ለምዶት ዓይኔ አልነቃም። ወይ ጉድ! አሥራ አምስት ዓመት የሠራሁ ሴትዮ፣ ቁጥሩን ሳላይ ሚስማሩን ብቻ አምኜ ቆረጥኩ።

እትዬ አጭር ናት። ዳሌዋ ሰፊ ነው። ቀኝ ትከሻዋ ከግራው በሁለት ጣት ይወርዳል፤ እሱን ለመሸፈን የእሷ ልብስ ቀኙ ላይ ወፍራም ስፖንጅ ይገባበታል፤ እጄ በልማድ እሱንም አስገብቶታል። ያ ቀሚስ ሎጋ ላይ ቢወጣ ጉልበቷ ጋ እንኳን አይደርስም።

የእማዬን ጨርቅ አበላሸሁት ብዬ እንባዬ መጣ። ሎጋን በምልክት ጠርቼ ከመጋረጃው ጀርባ አስገባኋት።

"ለምርቃትሽ ነው። ተሳስቻለሁ፣ አትሳቂብኝ። ልበሺውና ምን ያህል እንደሚለቀቅ ልየው።"

ጫማዋን አወለቀች። ለበሰችው። ዚፑን ሳብኩት።

ዚፑ ወጣ። ሳይቸግር።

ወገቡ ልክ። ዳሌው ልክ። ጠርዙ ከጉልበቷ በታች፣ ልክ እትዬ ላይ የሚያርፍበት ቦታ። ስፖንጁ እንኳን... ቀኝ ትከሻዋ ላይ ቁጭ አለ። ባዶውን ሞልቶ።

"ልክ ነው" አለች ሎጋ፣ ቁልቁል እያየች። "ምኑን ነው የተሳሳትሽው?"

አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር አወረድኩ። ከራሷ እስከ ተረከዟ ለካኋት።

አንድ ሜትር ከሃምሳ ሰባት።

ደገምኩት።

አንድ ሜትር ከሃምሳ ሰባት።

ያኔ እጄ ተንቀጠቀጠ። እሺ፣ እዋሻለሁ እንዴ፣ ተንቀጠቀጠ።

"ሎጋዬ... ተነሺ እንሂድ" አልኳት በሹክሹክታ።

"የት?"

"ቤት። እማዬ ጋ። አሁን።"

"ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል እኮ" አለችኝ ፈራ ተባ እያለች። "ካላየችኝ... ትቆጣለች።"

"ትቆጣ!"

መጋረጃው ተገለጠ።

እትዬ ናት። ከጀርባዋ ያለው የግድግዳ ሰዓት ዘጠኝ ከሩብ ይላል። ፊቷን ያየሁት ለአንድ አፍታ ነው፣ ያኔም ፈገግ ብላ ነበር። የእማማ ቁልፍ ቃል ትዝ አለኝና ዓይኔን ወለሉ ላይ ተከልኩ። ያመንኳት ያኔ ነው፣ ሲመሽብኝ።

"የኔ ዓለም፣ ምን ሆናችሁ? ደግሞ ይሄ ቀሚስ እንዴት ያምራል! አንቺ እኮ ባለ እጅ ነሽ። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ቤቱን ላንቺ ነው የማወርስሽ።"

ዝም።

"አትሰሚኝም? ማን ሰው አደረገሽ? እኔ አይደለሁም? መርፌ መያዝ የማታውቂ ድንጋይ!"

ዝም። ጥርሴን ነክሼ ዝም።

ለቅሶ ጀመረች። "ለእናንተ ብዬ ነው ያረጀሁት... ሁላችሁም ትተዉኛላችሁ..." አነባች፣ ተንሰቀሰቀች። አሥራ አምስት ዓመት ያባበለ እጄ ሊዘረጋ ፈለገ። ሁለት እጄን ብብቴ ውስጥ ወሸቅኩ።

ለቅሶው ቆመ። በአንድ ጊዜ፣ ውሃ እንደሚዘጋ።

ከዚያ... ድምፅዋ ተለወጠ።

"አደራሽን ብዬሽ አልነበረም?"

የእማዬ ድምፅ ነው። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ያለው፣ የደከመው።

ግን ቀና አላልኩም።

"እማማ ቁልፍ ነኝ ልጄ፣ እዪኝ..."

"እኔው ነኝ፣ አንቺው ነሽ፣ ቀና በይ..."

የመጨረሻው የራሴ ድምፅ ነበር።

ወለሉን ብቻ ነው የማየው። ሁለት ጥንድ ባዶ እግር። ከእግሮቹ በላይ የቀሚስ ጠርዝ ይታየኛል።

ሁለት ጠርዝ። ሁለቱም ውሃ ሰማያዊ።

እኔ የሰፋሁት አንድ ቀሚስ ነው።

"እታለም" አለችኝ በቀኝ በኩል ያለችው። ሎጋ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንደዚህ ነው የምትጠራኝ።

"እታለም..." አለችኝ በግራ ያለችው። እሷም ሎጋ ናት።

"እኔ ነኝ እታለም፣ ውሰጂኝ።"

"እሷን አትስሚያት፣ እኔ ነኝ!"

ቀና ብል ለእሷ ዓይን ልሰጣት ነው። ቀና ባልል እህቴን አላውቃትም። ወይ ፈጣሪዬ... ከዚያ የከፋ ሰዓት አላሳለፍኩም፣ እንዳያሳየኝም።

እጄን ዘረጋሁ። ከሁለት እጆች አንዱ ቀዝቃዛ ነው፣ አንዱ ይሞቃል። የሞቀውን ያዝኩ።

ሮጥኩ። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ከኋላዬ አንዲት ሴት ስትጮህ ይሰማኛል። መንገዱን ተሻግሬ፣ ሰው መሐል ገብቼ ነው ዞሬ ያየሁት።

ሎጋ ናት። ፊቷ በእንባ ታጥቧል። አቅፌ ሳምኳት፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪያየን።

ቅዳሜ ተመረቀች። እማዬ እልል አለች፣ ጎረቤት ሁሉ ሎጋን አቀፈ። ስፌት ቤቱን ሰዎች ሄደው ቢያዩት ተዘግቷል፣ ታፔላው ወርዷል። የእማማ ቁልፍ ወሬም የለም። ጉዳዩ አለቀ ብዬ ቤት ውስጥ የሰው ልብስ መስፋት ጀመርኩ።

ቁመቷ ተመለሰ ወይ? ትሉኝ ይሆናል። አልለካኋትም። ሜትሩን አንስቼ ሁለት ጊዜ አጠገቧ ደርሻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ሥራ ትዝ ብሎኝ ተመለስኩ። ደህና ናት እላለሁ። ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ከአጠገቤ አትለይም። እማዬም በእሷ መምጣት ታክሞ እንደዳነ ሰው ሆናለች፤ ይሄን ደስታዋን ምን ብዬ ልንካው?

ባለፈው ሐሙስ የእማዬ መድኃኒት ከከተማው ሁሉ ጠፋ። አለ የተባለው እዚያ ሕንፃ ሥር ያለው መድኃኒት ቤት ብቻ ነው። ሎጋ "አብሬሽ ካልሄድኩ" አለች። ሄድን።

አሥር ሰዓት ገደማ መድኃኒቱን ይዤ ስወጣ፣ ሳላስበው ቀና ብዬ ሁለተኛውን ፎቅ አየሁ።

መስኮቱ ላይ እህቴ ቆማለች።

ውሃ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። ከስታለች። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ አንድ ቃል ደጋግማ ትላለች፣ አይሰማኝም... ግን ምን እንደምትል አውቃለሁ። በዓለም ላይ በዚያ ስም የሚጠራኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።

መድኃኒቱ ከእጄ ወደቀ።

"ምን ታያለሽ?" አለችኝ አጠገቤ ያለችው።

ዓይኔን ከመስኮቱ አልነቀልኩም።

ክንዴን ያዘችኝ። ፈገግ እንዳለች ሳላያት አወቅኩ።

"እታለም... እኔን እዪኝ።"

በሁለት ጣቷ አገጬን ይዛ ፊቴን ቀስ አድርጋ ወደ እሷ መለሰችው። ላይ፣ ፎቁ ላይ ያለችው በሁለት መዳፏ መስኮቱን እየደበደበች ነበር።